የኮምፒዩተር የውሎ መዝገብ የክብደት ደረጃዎች፦ ታሪካቸውና የአማርኛ አሰያየማቸው

1. መነሻ

በሙያ ቃላት አሰያየም ሥራ ላይ የቆየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ልማድ አለ። የውጭ አገር ቃላት ዝርዝር ይቀርባል፤ በእያንዳንዱ ቃል ትይዩ የአማርኛ አቻ ይፈለጋል፤ አቻ የተገኘለት ይጸድቃል፤ ያልተገኘለት ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፋል። ይህ አሠራር ለዕፀዋት፣ ለማዕድናትና ለመሣሪያዎች ስም አብዛኛውን ጊዜ ይበጃል። ነገር ግን አንዱ ከሌላው በላይ ወይም በታች በመቆሙ ትርጕም የሚያገኝ፣ እንደ መሰላል እርከን የተደረደረ የቃላት ስብስብ ሲያጋጥም ልማዱ ያሳስታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ስሕተት በአንድ ምሳሌ ታሪክ ማስረዳት ነው። ምሳሌውም የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች የሥራ ውሏቸውን ሲመዘግቡ ከእያንዳንዱ መልእክት ጋር የሚያስቀምጡት የክብደት ደረጃ ነው።

ለኮምፒዩተር ሙያ እንግዳ ለሆነ አንባቢ ጉዳዩን በአጭሩ መግለጽ ይገባል። ፕሮግራም በሥራ ላይ ሳለ የሚያጋጥመውን ነገር በየሰዓቱ እየጻፈ ያስቀምጣል። አንዱ መስመር «ሥራው ተጀመረ» ይላል፤ ሌላው «ዲስኩ ሊሞላ ነው»፤ ሦስተኛው «ፋይሉ ሊነበብ አልቻለም»። መስመሮቹ በቀን በሺሕ የሚቈጠሩ ስለሆኑ ሰው ሁሉንም ሊያነብ አይችልም። ስለዚህ በእያንዳንዱ መልእክት ፊት የነገሩን ክብደት የሚናገር አንድ ቃል ይቆማል። ተረኛው ሠራተኛ የሚነሣውም የሚተኛውም በዚያች ቃል ነው።

ጉዳዩን እንድመረምር ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ድርጅት የኮምፒዩተር መቈጣጠሪያ ገጾቹን ወደ አማርኛ ሲያስመልስ ትርጕሙን እንዳርም ተጠይቄ ነበር። በዝርዝሩ ውስጥ «አለርት» እና «ዋርኒንግ» የሚባሉት ሁለት ደረጃዎች በአንድ ቃል «ማስጠንቀቂያ» ተብለው ነበር። መዝገበ ቃላት ገለጥሁ፤ ለሁለቱም የሚሰጠው ፍቺ ይኸው ሆኖ አገኘሁት፤ አሳለፍሁት። ከዚያ በኋላ አንድ ሌሊት የድርጅቱ የመረጃ ማከማቻ መጻፍ አቆመ። ፕሮግራሙ ወዲያው እርምጃ ይወሰድ የሚለውን ደረጃ አውጥቶ ነበር፤ ተረኛው ግን ያየው በየሌሊቱ ደጋግሞ የሚያየውን «ማስጠንቀቂያ» ነው። በመዝገብ አስፍሮ እስኪነጋ ጠበቀ። የዚያ ሌሊት ሒሳብ በሙሉ ከወረቀት ደረሰኝ እየተነበበ በእጅ እንደገና ገባ፤ ተረኛውም በቸልተኛነት ተከሰሰ። አግኝቼ ብጠይቀው፣ «ዶክተር፣ ማስጠንቀቂያ እኮ በየሌሊቱ ይመጣል። እርስዎ ቢሆኑ ለዚያ ሁሉ አለቃዎን ይቀሰቅሱ ነበር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሰውየው ቃሉ ያዘዘውን ፈጽሟል፤ ቃሉን ያጸደቅሁት ግን እኔ ነኝ።

2. ከግንድ ወደ መዝገብ

ከደረጃዎቹ በፊት ስለ መዝገቡ ስም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። እንግሊዝኛው «ሎግ» ይለዋል። ልምድ የሌለው ተርጓሚ ወይም የትርጕም መሣሪያ ይህን ቃል «ግንድ» ብሎ ሲመልሰው እንስቃለን። ሆኖም ከመሳቃችን በፊት የቃሉን ታሪክ ብናይ መልካም ነው፤ መነሻው በእርግጥም እንጨት ነውና።

የጥንት መርከበኞች የመርከባቸውን ፍጥነት የሚለኩት በየተወሰነ ርቀት በተቋጠረ ገመድ ጫፍ የታሰረ እንጨት ከመርከቡ ኋላ ወደ ባሕር በመጣል ነበር። እንጨቱ በውሃው ላይ እንደ ቆመ ይቀራል፤ መርከቡ ይሄዳል፤ ገመዱ ይለቀቃል። በአሸዋ ሰዓት የተወሰነው ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ በእጅ ውስጥ ያለፉት ቋጠሮዎች ይቈጠራሉ። በኋለኛው ዘመን መለኪያው ሲደነገግ በሁለት ቋጠሮዎች መካከል ያለው ርቀት 47 ጫማ ከ3 ኢንች፣ የአሸዋው ጊዜም 28 ሰከንድ ሆነ። የመርከብ ፍጥነት እስከ ዛሬ «ቋጠሮ» በሚል ቃል የሚነገረው ከዚህ የተነሣ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ቦርን እ.ኤ.አ. በ1574 ባሳተመው የባሕር ጕዞ መምሪያ ይህን አለካክ ገልጾታል።

ልኬቱ በየሰዓቱ የሚጻፍበት ደብተር «የእንጨቱ መዝገብ» ተባለ። ከዚያም የነፋሱ አቅጣጫ፣ የአየሩ ጠባይ፣ የታመመው መርከበኛ፣ የታየው ደሴት ሁሉ በዚያው ደብተር ይጻፍ ጀመር። በመጨረሻ «መዝገብ» የሚለው ቃል ተቈርጦ ወደቀና እንጨቱ ብቻ ቀረ፤ «ሎግ» የቀን ውሎ መዝገብ ማለት ሆነ።

የኮምፒዩተር ሰዎችም መዝገቡን የወረሱት በወረቀትነቱ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1947 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በተሠራው ማርክ 2 የተባለ መኪና ላይ የሚሠሩ ሰዎች በአንዱ የኤሌክትሪክ መቀያየሪያ ውስጥ ተጣብቃ የሞተች የእሳት ራት አገኙ። ራቲቱንም በእጅ በሚጻፈው የውሎ መዝገብ ላይ ለጥፈው፣ «በግ» የተባለው ነገር በአካል ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው መሆኑን በቀልድ አሰፈሩ። ታሪኩን ግሬስ ሆፐር ደጋግማ ስለ ተናገረችው በዓለም ታወቀ፤ ገጹም በዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጧል። ብዙ ሰዎች «በግ» የሚለው ቃል በዚያ ቀን ተፈጠረ ብለው ይጽፋሉ፤ ትክክል አይደለም። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1878 በጻፈው ደብዳቤ ለመሣሪያ ጕድለት ይህንኑ ቃል ተጠቅሞበታል። ቀልዱ ቀልድ ሊሆን የቻለውም ቃሉ አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ ነው።

በአማርኛ «የውሎ መዝገብ» የሚለው ሐረግ ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ የተመቸ ይመስለኛል። «ውሎ» የሚለው ቃል ሰው ወይም ነገር ቀኑን ያሳለፈበትን ሁኔታ በቅደም ተከተል መያዙን ያሳስባል። «የሰነድ መዝገብ» ወይም «ማኅደር» ግን የተጠናቀቀ ጽሑፍ ማከማቻ ስለሆኑ፣ በየሰከንዱ የሚያድገውን ዝርዝር በደንብ አይገልጹትም።

3. መሰላሉ እንዴት ተሠራ

የክብደት ደረጃዎቹ ትውልድ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሊ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኤሪክ ኦልማን የተባለ የፕሮግራም ሰው በኮምፒዩተሮች መካከል ደብዳቤ የሚያመላልስ «ሴንድሜይል» የተባለ ፕሮግራም ይሠራ ነበር። የዚህ ፕሮግራም ጠባይ ማንም ሰው አጠገቡ ሳይቀመጥ ቀን ከሌሊት መሥራቱ ነው። ሲሳካለትም ሲሰናከልም የሚነግረው ሰው የለም። ስለዚህ ኦልማን የፕሮግራሙን መልእክት ተቀብሎ እንደ ክብደቱ ወደ ፋይል፣ ወደ ኃላፊው ገጽ ወይም ወደ ሌላ ኮምፒዩተር የሚያደርስ ሁለተኛ ፕሮግራም ጻፈ። ስሙም «ሲስሎግ» ተባለ። ሌሎች ፕሮግራሞችም ይጠቀሙበት ጀመር፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ከወጣው 4.2 ቢኤስዲ ከተባለው የበርክሊ ዩኒክስ ጋር ተሠራጨ።

ለቃላት አጥኚ እጅግ የሚጠቅመው ክፍል እዚህ ላይ ነው። በ1983 የወጣው መሰላል ዛሬ የምናውቀው አልነበረም። ከሁሉ በላይ የቆመው «አለርት» ነበር፤ ተጠቃሚው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ፣ እምብዛም ሊነሣ የማይገባ ነገር ማለት ነው። «ኢመርጀንሲ» ከአለርት በታች ነበር። «ክሪቲካል» ደግሞ ከ«ኤረር» በታች ሆኖ፣ ስሕተት ሊባል የማይችል ነገር ግን ሊታወቅ የሚገባው መረጃ የሚመዘገብበት ነበር፤ ለምሳሌ አንድ ሰው የሌላውን ሥልጣን ይዞ ለመግባት ሲሞክር። እ.ኤ.አ. በ1986 4.3 ቢኤስዲ ሲወጣ መሰላሉ ተገለበጠ። ኢመርጀንሲ ወደ ጫፉ ወጣ፤ አለርት ሁለተኛ ሆነ፤ ክሪቲካል ከኤረር በላይ ተሰቀለ። ከዚያ ወዲህ ስምንቱ ደረጃዎች ከከባዱ ወደ ቀላሉ ከ0 እስከ 7 እንዲህ ይቈጠራሉ፦ ኢመርጀንሲ፣ አለርት፣ ክሪቲካል፣ ኤረር፣ ዋርኒንግ፣ ኖቲስ፣ ኢንፎርሜሽናል፣ ዲበግ።

እንግሊዝኛን አፍ የፈቱበት ሰዎች እንኳ በ3 ዓመት ውስጥ ቃላቱን ወደ ላይና ወደ ታች ማዘዋወራቸው ምን ያስረዳል? ከአለርትና ከኢመርጀንሲ የትኛው እንደሚከብድ ቋንቋው በራሱ አይናገርም ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ ከቃሉ ፍቺ አልመነጨም፤ ለቃሉ ተሰጠው እንጂ። እንግዲህ የአማርኛው ተርጓሚ «አለርት» የሚለውን ቃል በመዝገበ ቃላት ፈልጎ ክብደቱን አገኛለሁ ቢል፣ የቃሉ ባለቤቶች ያላገኙትን ነገር መፈለጉ ነው።

ከዚህ በኋላ ሲስሎግ ለረዥም ጊዜ ያለ ሕግ በልማድ ብቻ ኖረ። የኢንተርኔት የቴክኒክ ደንብ አውጪዎች እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2001 ቍጥር 3164 የተባለውን ሰነድ ሲያወጡ፣ ሰነዱ አዲስ ሕግ አልደነገገም፤ በሥራ ላይ የሚታየውን ልማድ መዘገበ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2009 የወጣው ቍጥር 5424 ግን ደንብ ሆኖ ወጣ። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ይህን ልዩነት በሚገባ እናውቀዋለን፤ አንዱ ሕዝብ የሚናገረውን ይጽፋል፣ ሌላው ሊነገር የሚገባውን ያዝዛል።

ደንቡ ለስምንቱ ደረጃዎች የሰጠው ፍቺ በእኛ ሙያ ዐይን ሲታይ ግማሹ ጕድለት አለበት። ለሦስቱ እውነተኛ ፍቺ ተሰጥቷቸዋል፦ ኢመርጀንሲ ማለት ሲስተሙ ሊሠራ የማይችልበት ሁኔታ፤ አለርት ማለት ወዲያው እርምጃ ሊወሰድ የሚገባበት ሁኔታ፤ ኖቲስ ማለት ደኅና ሆኖ ነገር ግን ትኩረት የሚገባው ሁኔታ። የቀሩት ግን በራሳቸው ተፈትተዋል፤ ክሪቲካል «የክሪቲካል ሁኔታ»፣ ኤረር «የኤረር ሁኔታ»፣ ዋርኒንግም «የዋርኒንግ ሁኔታ» ነው ተብሏል። ይህ ውሃን ውሃ ብሎ መፍታት ነው። ሆኖም ደንቡ ሐቀኛ ነው፤ ክብደት እንደ ተናጋሪው የሚለያይ መሆኑን፣ ተቀባዩም ላኪዎች ሁሉ ደረጃዎቹን በአንድ ዐይነት ይረዷቸዋል ብሎ እንዳይገምት በተጨማሪ ክፍሉ አሳስቧል።

የ2009ኙ ደንብ ለእኛ ሌላም ቁም ነገር ይዞ መጣ። በቀድሞው ልማድ መልእክቶች የሚጻፉት በአብዛኛው ለእንግሊዝኛ ፊደል በተበጀው ባለ 7 ቢት የፊደል ኮድ ነበር፤ ፊደላችን በዚያ መንገድ ሊያልፍ አይችልም ነበር። አዲሱ ደንብ የመልእክቱ አካል በዩኒኮድ እንዲጻፍ ፈቀደ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቶ ስለ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ መልእክቱን በአማርኛ መጻፍ በደንቡ የተፈቀደ ሆነ። የአሰያየሙ ጥያቄም የሥራ ጥያቄ ሆነ።

4. መሰላሉ በፕሮግራም ላይብረሪዎች

ላይብረሪ የሚባለው በሌሎች ፕሮግራሞች እየተጠራ የሚሠራ የተዘጋጀ የፕሮግራም ክምችት ነው። የውሎ መዝገብ ሥራም ከ1990ዎቹ ጀምሮ ራሱን የቻለ ላይብረሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሴምፐር በተባለ የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ሥራ ውስጥ የተጀመረው አሠራር፣ በቼኪ ጉልጁ እጅ አድጎ ለጃቫ ቋንቋ የተዘጋጀው «ሎግፎርጄ» ሆነ። ይህ ላይብረሪ ስምንቱን ደረጃዎች ወደ አምስት ቀነሰ፦ ዲበግ፣ ኢንፎ፣ ዋርን፣ ኤረር፣ ፌታል። እ.ኤ.አ. በ2005 «ትሬስ»፣ ማለትም ዱካ የሚለውን ከዲበግ በታች ጨመረ። የፓይተን ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው 2.3 እትሙ የራሱን የመዝገብ ላይብረሪ ሲያስገባ የዚህኑ ፈለግ ተከትሎ አምስት ደረጃዎች ያዘ፤ ቍጥራቸውንም ዲበግ 10፣ ኢንፎ 20፣ ዋርኒንግ 30፣ ኤረር 40፣ ክሪቲካል 50 አደረገ።

ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። አንደኛ፣ የቍጥሩ አቅጣጫ ተገልብጧል። በሲስሎግ 0 ከሁሉ ይከብዳል፤ በፓይተን ከባዱ 50 ነው። ስለዚህ «ከፍተኛ ደረጃ» ወይም «አንደኛ ደረጃ» እያሉ መተርጐም አደገኛ ነው። በእኛ አነጋገር «አንደኛ ደረጃ» ሆቴል የሚመሰገን ሆቴል ነው፤ «አንደኛ ደረጃ» ብልሽት ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ሊገምት አይገባውም። «ከባድ» እና «ቀላል» የሚሉት ቃላት ግን አቅጣጫ አያሳስቱም።

ሁለተኛ፣ በፓይተን ደረጃዎች መካከል ባዶ ቦታ ስላለ ማንም ሰው የራሱን ደረጃ ሊጨምር ይችላል። ይሁን እንጂ የላይብረሪው መምሪያ ለሌሎች የሚሆን ላይብረሪ የሚጽፍ ሰው እንዲህ እንዳያደርግ ይመክራል። ሁለት ላይብረሪዎች 35ን ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ቢጠቀሙበት ሁለቱንም የሚጠቀም ሰው ግራ ይጋባልና። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የየራሱን የሙያ ቃል ሲያወጣ የደረሰብንን የሚያውቅ ሁሉ ይህ ምክር ይገባዋል።

የጃቫ ቋንቋ ባለቤቶች እ.ኤ.አ. በ2002 ከጃቫ 1.4 ጋር ያወጡት ሌላ መሰላል ደግሞ ለተርጓሚ ወጥመድ አለበት። ሰባት ደረጃዎች ያሉት ሲሆን የታችኞቹ ሦስቱ «ፋይን»፣ «ፋይነር» እና «ፋይነስት» ይባላሉ። «ፋይን» በዕለታዊ እንግሊዝኛ «ደኅና» ማለት ስለሆነ፣ «ደኅና፣ ይበልጥ ደኅና፣ እጅግ ደኅና» የሚል ትርጕም ይመጣል። ነገር ግን እዚህ ላይ ቃሉ የዱቄት ልመትን የሚናገረው «ፋይን» ነው፤ «ደቃቅ» ማለት ነው፤ መልእክቱ ይበልጥ ዝርዝር መሆኑን ያሳያል። በአንድ እርከን ላይ የቆመን ቃል ብቻውን ያየ ሰው ይሳሳታል፤ ከላዩና ከታቹ ያሉትን ያየ ግን ሊሳሳት አይችልም።

ከእነዚህ ላይብረሪዎች አሠራር የምንማረው ዋና ነገር የተናጋሪና የወሳኝ መለያየት ነው። ላይብረሪው የነገሩን ክብደት ይናገራል፤ መልእክቱ ይጻፍ ወይስ ይጣል፣ ወደ ፋይል ይሂድ ወይስ ሰው ይቀስቅስ ብሎ የሚወስነው ግን ላይብረሪውን የሚጠቀመው ፕሮግራም ባለቤት ነው። ለዚህም «ደፍ» ያቆማል፤ ከደፉ በታች ያለው መልእክት አያልፍም። በፓይተን ባለቤቱ ምንም ካላዘዘ ደፉ ዋርኒንግ ላይ ነው። በሥርዓቱ የተጻፈ ላይብረሪም ስለ መልእክቱ ማድረሻ አንዳች ነገር አያዝም፤ ድምፁን ያሰማል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ይህ እንደ ዘብና እንደ አዛዥ ነው። ዘቡ ያየውን ይጮኻል፤ ጦሩን የሚያስነሣው አዛዡ ነው። አዛዡ በትክክል ሊወስን የሚችለው ግን የዘቡ ጩኸት ዐይነቱ የታወቀ እንደ ሆነ ነው።

5. የቃላቱ ሥርና የአማርኛ አቻዎች

አሁን ወደ ቃላቱ እንመለስ። ከስምንቱ መካከል የአማርኛ አቻው ያለ ችግር የሚገኘው «ኤረር» ነው። የላቲኑ ሥር መንከራተትን፣ ከመንገድ መውጣትን ይናገራል፤ የግዕዙ «ስሕተ» እና የአማርኛው «ሳተ»ም እንዲሁ ናቸው። መንገድ የሳተ፣ ዒላማ የሳተ እንላለን። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች በአንድ ምስል ስለ ተገናኙ «ስሕተት» ሊነካ አይገባውም።

«ኖቲስ» እና «ማስታወቂያ» በሥርም ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ከማወቅ የወጡ ናቸው። ይሁን እንጂ «ማስታወቂያ» በአሁኑ አነጋገር የንግድ ሸቀጥ ማስተዋወቂያን ስለሚያሳስብ፣ በመቈጣጠሪያ ገጽ ላይ ሲታይ አንባቢን ያዘናጋል። «ማሳሰቢያ» ይሻላል። በመሥሪያ ቤት ሰሌዳ ላይ «ማሳሰቢያ» ተብሎ የተለጠፈን ወረቀት ሰው ያነባል እንጂ አይደነግጥም፤ ኖቲስም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

«ክሪቲካል» ከግሪክ የመጣ ነው፤ ሥሩ መለየት፣ መፍረድ ማለት ሲሆን፣ ሐኪሞች ሕመሙ ወደ መዳን ወይም ወደ ሞት የሚያመራበትን ወሳኝ ሰዓት ይጠሩበት ነበር። በሆስፒታል «ጽኑ ሕሙማን» የምንለው ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ነገር ግን «ጽኑ» ብቻውን ሲቆም «ጽኑ መሠረት»፣ «ጽኑ እምነት» እንደሚባለው ምስጋና ይሆናል። ስለዚህ «አስጊ» ተመራጭ ነው።

«ኢመርጀንሲ» ከውሃ ውስጥ ብቅ ማለትን ከሚናገር የላቲን ግሥ የወጣ ነው። በአማርኛ በሐኪም ቤት «ድንገተኛ»፣ በሕግ «አስቸኳይ ጊዜ» ይባላል። ሁለቱም ግን ለመሰላሉ ጫፍ አይስማሙም። «ድንገተኛ» ያልተጠበቀ መሆኑን እንጂ ከባድ መሆኑን አይናገርም፤ ድንገተኛ እንግዳም አለ። «አስቸኳይ» ደግሞ ወዲያው መደረግ ያለበት ማለት ነው፤ ይህ በደንቡ የአለርት ፍቺ እንጂ የኢመርጀንሲ አይደለም። በፍቺ ብንሄድ ኢመርጀንሲ ማለት ሲስተሙ ከሥራ ውጭ ሆነ ማለት ነው። ሕዝቡ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ሲነገረው የኖረው «ሲስተም የለም» የሚለው አነጋገር የዚህ ደረጃ እውነተኛ አቻ ነው። በአንድ ቃል «ውድቀት» ብንለው ያስኬዳል።

«አለርት» የጣልያን ወታደሮች ቃል ነው፤ ወደ ከፍታው፣ ወደ መጠበቂያው ማማ ማለት ነበር። የአማርኛ ወታደራዊ አቻው «ተጠንቀቅ» ሲሆን፣ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። «ተጠንቀቅ» እና «ማስጠንቀቂያ» አንድ ሥር ስላላቸው ተርጓሚው ሳያውቀው አለርትን ከዋርኒንግ ጋር ያዋሕዳል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ከዚህም በላይ «ማስጠንቀቂያ» በአማርኛ የራሱ መሰላል አለው። በመሥሪያ ቤት የቃል ማስጠንቀቂያ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ የሚባሉ የቅጣት ደረጃዎች አሉ። ሦስቱም የሚሉት ነገር አንድ ነው፦ ጕዳቱ ገና አልደረሰም፤ ካልታረምህ ግን ይደርሳል። ይህ ለዋርኒንግ ፍጹም አቻ ነው፤ ለአለርት ግን ተቃራኒ ነው፤ አለርት ሲመጣ ጊዜው አልፏልና። የአማርኛ ተናጋሪ የሆነው ተረኛ «ማስጠንቀቂያ»ን አይቶ እስኪነጋ ሲጠብቅ ቋንቋውን በትክክል ተረድቶ ነበር።

ለአለርት የሚሆን ቃል በአገራችን ባህል ውስጥ አለ። በገጠር አንድ ሰው «ድረሱልኝ!» ብሎ ሲጮኽ የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል፤ ነገሩን ለነገ የሚያሳድር የለም። ስለዚህ «የድረሱ ጥሪ» የሚለው ሐረግ፣ ወይም በአጭሩ «ድረሱ»፣ ወዲያው እርምጃ ይወሰድ የሚለውን ፍቺ ያለ ማብራሪያ ያስተላልፋል።

የታችኞቹ ሁለት ደረጃዎች ቀላል ናቸው። «ኢንፎርሜሽናል» «መረጃ» ሊባል ይችላል። «ዲበግ» በቃሉ ብንሄድ ነፍሳትን ማራገፍ ነው፤ በዚህ ደረጃ የሚጻፈው ግን ጕድለቱን የሚፈልግ ባለሙያ የሚያነበው ዝርዝር ስለሆነ «ፍተሻ» ይበቃዋል።

6. የቀረበ ሐሳብ

ከላይ የተመለከተውን መሠረት በማድረግ ስምንቱ ደረጃዎች ከከባዱ ወደ ቀላሉ እንደሚከተለው እንዲሰየሙ ሐሳብ እናቀርባለን። ፍቺያቸው የነገሩን ባሕርይ ብቻ ሳይሆን አንባቢው ምን እንደሚያደርግም ይናገራል፤ በራሱ የሚፈታ ቃል እንዳይኖር ለማድረግ የምናውቀው መንገድ ይህ ነውና።

0. ውድቀት፦ ሲስተሙ አይሠራም፤ የሚመለከተው ሁሉ ይነገረው።
1. ድረሱ፦ አሁኑኑ ሰው ካልደረሰ ጕዳቱ ይሰፋል፤ የተኛ ይቀስቀስ።
2. አስጊ፦ ዋና ክፍል ተበላሽቷል፤ ተረኛው ሥራውን አቋርጦ ይመልከት።
3. ስሕተት፦ አንድ ሥራ አልተፈጸመም፤ በዕለቱ ይታረም።
4. ማስጠንቀቂያ፦ ጕዳት አልደረሰም፤ ካልታሰበበት ይደርሳል።
5. ማሳሰቢያ፦ ሁሉም ደኅና ነው፤ ነገር ግን ይታወቅ።
6. መረጃ፦ የተለመደ የሥራ ውሎ ነው፤ ሲፈለግ ይነበባል።
7. ፍተሻ፦ ለባለሙያ ብቻ የሚሆን ዝርዝር ነው።

አምስት ደረጃዎች ብቻ ያሏቸውን ላይብረሪዎች የሚተረጕም ሰው ከእነዚህ መካከል ይምረጥ እንጂ አዲስ ቃል አያውጣ። የፓይተኑ ክሪቲካል ከሁሉ የከበደ ቢሆንም ከሲስሎጉ ክሪቲካል ጋር አንድ ስም ስላለው «አስጊ» ይባል፤ ነገር ግን በገጹ ላይ ከእርሱ በላይ ሌላ ደረጃ አለመኖሩ ይገለጽ።

7. መደምደሚያ

የተረኛው ጉዳይ በምን እንደ ተፈጸመ ሳልናገር ብቀር አንባቢ ቅር ይለዋል። የትርጕሙን ጕድለት በጽሑፍ አስረዳሁ፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴውም ተመልክቶ ከሥራ መሰናበቱን ተወለትና በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አለፈው። እኔን ግን ማንም አላስጠነቀቀኝም።

በአዲስ አበባ «እሪ በከንቱ» የሚባል ሰፈር አለ። በጨለማ የተዘረፈ ሰው እሪ ቢል የሚደርስለት አልነበረምና ስሙ ከዚያ ወጣ ይባላል። ጩኸት ከንቱ የሚሆነው ሰሚ ሲጠፋ ብቻ አይደለም። የጩኸቱ ዐይነት ሳይለይ ሲቀር፣ የሌባ ጩኸትና የልጅ ጨዋታ አንድ ድምፅ ሲኖራቸውም ሰሚው ይቀመጣል። የውሎ መዝገብ ቃላት ሥራ ጩኸቶችን መለየት ነው፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ሳይሆን ስምንቱም በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ስብሰባ፣ ከተረኛ ሠራተኞች ጋር ሊሰየሙ ይገባል።

የቀረቡት ስያሜዎች የመጨረሻ አይደሉም። በተለይ «ውድቀት» እና «ድረሱ» በሥራ ላይ ተፈትነው ሊታዩ ይገባቸዋል። በትርጕም ሥራና በኮምፒዩተር ክፍሎች የሚያገለግሉ አንባብያን የተሻለ ቃል ካላቸው፣ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ከላዩና ከታቹ የሚቆሙትን ቃላት ጭምር ጽፈው ለዝግጅት ክፍሉ እንዲልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።